ያልተሳፈረው መንገደኛ

እንድሪያስ ቦጋለ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ ናይሮቢ አሥራ አንድ ጊዜ ቲኬት ቆረጠ፤ አንድም ቀን ግን አልተሳፈረም። ይህን ከሻሮ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አሥራ አንዱንም የቆረጠችለት እሷ ናት።

ሻሮ ሁካ በኬንያዋ ሞያሌ፣ ዋናው መንገድ ዳር ባለችው የአውቶቡስ ቢሮ፣ ከሽቦ መስኮት ጀርባ ተቀምጣ ቲኬት ትሸጣለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባሏ የሞተባት ልጇ ሚሚ ገና ጡት ሳትጥል ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ቡቲዬ ካለው የአባቷ ቤት በቦዳ ቦዳ ሞተር ትመጣለች፤ ሲመሽ ትመለሳለች። ወንድ የሚባል ነገር ዳግም በሕይወቷ ይገባል ብላ አስባ አታውቅም። እንድሪያስ ደግሞ ከቢሮዋ ፊት ለፊት የተገተረው ባለ ሁለት ፎቅ ሆቴል ወራሽ ነው። ሆቴሉን ያቋቋሙት እናትና አባቱ ከመሀል አገር ወርደው ነው። አባቱ ቦጋለ ካረፉ በኋላ እናቱ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ብቻቸውን ቀጥ አድርገው ያስተዳድሩታል። የሞያሌ ሰው በፊታቸው ሲያልፍ ባርኔጣውን ያወልቃል።

በመጀመሪያው ቲኬት ማግስት እንድሪያስ መጥቶ “ጉዳይ ገጠመኝ” አላት። በሁለተኛው “እንግዳ መጣብን” አለ። ቲኬቱን በሩ ላይ ላገኘው ችግረኛ መንገደኛ ይሰጥና ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። በአራተኛው ምክንያት ማቅረቡን ተወው፤ በሽቦው አሻግሮ ዝም ብሎ አያት።

“አንደኛዋን ወንበር ለምን በስምህ አላስጽፍልህም?” አለችው ሻሮ ሳቋን አፍና።

“በስሜ ቢጻፍልኝ የምወደው ወንበሩን አልነበረም” አለ። ከአፉ ያመለጠው ነገር ራሱን አስደንግጦት እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ።

ሻሮ ያን ቀን ለሦስት መንገደኞች የተሳሳተ ቀን የተጻፈበት ቲኬት ሰጠች። ሰውየው የሚመጣው ለመሄድ ሳይሆን እሷን ለማየት እንደሆነ ገባት። ግማሹ እውነት ነበር። ሌላውን ግማሽ ግን አላወቀችም።

*

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሚሚ ከእናቷ ጋር ቢሮ ትውላለች። ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከሁሉም ሰው ጋር ታወራለች። አንድ ከሰዓት ከናይሮቢ የመጣ መንገደኛ በስልኩ የአንድ መዝናኛ ፓርክ ፎቶ አሳያት። ከዛፍ በላይ የሚዞር ትልቅ መንኰራኵር፣ በሐዲድ ቁልቁል የሚወረወር ትንሽ ባቡር፣ ሰው ተቀምጦባቸው የሚሽከረከሩ ትልልቅ ስኒዎች። ከዚያ ቀን በኋላ ሚሚ ሌላ ወሬ አልነበራትም። እንጀራ አባት ስለሌላት፣ አባቷንም ስለማታስታውስ፣ ልመናዋን ሁሉ የምታቀርበው ለእናቷና ለአያቷ ለሁካ ነበር። ሁካ ፍየል ሲያረባ የኖረ፣ ከማርሳቢት ወዲያ ተሻግሮ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። “መንኰራኵሩ ሰው ይበላል ወይ?” ብሎ ጠየቃት።

ይህን ሁሉ በመስኮቱ በኩል ሲሰማ የሰነበተው እንድሪያስ በመጨረሻ ለሻሮ ተናገረ። “በሚያዝያው ዕረፍት እኔ እወስዳችኋለሁ። አባሽንም ይዘን። ሁላችንም።”

ሞያሌ ውስጥ አንድ ወንድ የአንዲትን ሴት ልጅና አባት ይዞ በጠራራ ፀሐይ አውቶቡስ ላይ ከወጣ፣ ሽማግሌ ከላከ አይተናነስም። ይህን እሱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። “ሁላችንም” የምትለዋን ቃል ሻሮ ይዛት ወደ ቡቲዬ ሄደች፤ መንገዱን በሙሉ ሞተሩ ላይ ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ቀኑ ደረሰ። ማለዳ ነው። ሁካ አዲሱን ሽርጡን ታጥቆ፣ ዱላውን ይዞ አውቶቡሱ ወንበር ላይ ተሰይሟል። ሚሚ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ በመስኮት አንገቷን አውጥታለች። እንድሪያስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ሁሉንም ሰላም አለ። ሹፌሩ ሀላኬ ሞተሩን አስነሣ፤ ናፍጣው ተንተከተከ፤ እንድሪያስ አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ።

እዚያው ቀረ።

ሻሮ ፊቱ አመድ ሲመስል አየች። ላቡ በግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ከዚያ ዐይኑን ወደ ማዶ አነሣ። እናቱ ነጠላቸውን ተከናንበው ከሆቴሉ ሰገነት ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩታል። እንድሪያስ እግሩን ከደረጃው አወረደ። “ሻሮ… ይቅርታ” አለ፤ ድምፁ ለራሱም የተሰማው አይመስልም። ዞሮ ከሕንፃው ጀርባ ተሰወረ።

“እናቱ አዩታ!” አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌላው ሳቀ።

ሻሮ ልጇንና አባቷን ይዛ ወረደች። ሚሚ አላለቀሰችም፤ ቀሚሷ እንዳይቆሽሽ ሰብሰብ አድርጋ በዝምታ ተከተለቻት። ሻሮን አንጀቷን የበላው ይህ ዝምታ ነበር።

*

በአራተኛው ቀን ወይዘሮ ኪዳነምሕረት መንገዱን ተሻግረው ወደ ቢሮው መጡ። ወንበር ስትስብላቸው አልተቀመጡም።

“ሻሮ ማለት አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ እማማ።”

“ልጄን ተይልኝ።”

ሻሮ ደሟ ፈላ። ሦስት ቀን ሙሉ የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው። “ልጅዎን ከቤቱ አልጠራሁትም። በእግሩ መጣ፤ በእግሩ ሄደ። ቲኬት ሻጭ መሆኔን፣ ልጅ ያለኝ መሆኔን፣ አባቴ ፍየል ጠባቂ መሆኑን ሳያውቅ አልመጣም።”

“እኔ ስለዚያ አላልኩም። ያን አውቶቡስ ደግመሽ በፊቱ እንዳታቆሚ ነው የምልሽ። ምን እንደጠየቅሽው አታውቂም።”

“ከእኔ ጋር መታየት ያን ያህል ውርደት ነው?”

ሴትዮዋ አፋቸውን ከፈቱ። አንድ ነገር ሊናገሩ ነበር። ነገር ግን መልሰው ገጠሙት፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ወጡ። ሻሮ እንባውን አየችው፤ የንዴት መሰላት። ቀኑን ሙሉ ግን ያ ፊት አልለቅ አላት፤ ያሸነፈችበት ክርክር ለምን እንዲህ እንደሚከብዳት አታውቀውም ነበር።

ሁለት ሳምንት አለፈ። እንድሪያስ ወደ መስኮቱ አልመጣም። ከዚያ አንድ ቀን ሀላኬ ከአውቶቡሱ ወርዶ አንድ ፖስታ በሽቦው ሥር አሾለከላት። “ሰውየው ይህን ስጥልኝ ብሎኛል። ፖሌ፣ አይዞሽ እኅቴ፤ በጣም ከስቷል” አላት።

ደብዳቤው በአማርኛ ነበር። ሻሮ ልጅ ሳለች ድንበሩን ተሻግራ ሁለት ዓመት በተማረችበት ጊዜ የለየችው ፊደል ስለሆነ ቃል በቃል፣ ቀስ ብላ አነበበችው።

“ሻሮ፣

ይህን በአፌ ልነግርሽ አሥራ አንድ ጊዜ መስኮትሽ ድረስ መጥቻለሁ። እኔ መኪና ያመኛል። ሰው ሁሉ ትንሽ ትንሽ ያመዋል ትዪ ይሆናል። የእኔ እንደዚያ አይደለም። የናፍጣው ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ገና ምድር ከእግሬ ሥር ትሸሻለች። ከዚያ ሆዴ ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል፤ የሚወጣው ሲያልቅም አያቆምም።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አባቴ ናይሮቢ ሆስፒታል ተኝቶ ጠራኝ። መንገዱ ያኔ ኮረኮንች ነበር። በጭነት መኪና ተነሣሁ። ማርሳቢት ስንደርስ ራሴን አላውቅም ነበር፤ አውርደው ጤና ጣቢያ አስተኙኝ። በሦስተኛው ቀን ስነቃ አባቴ አርፏል። አገሩ ሁሉ ‘አባቱ ጠርቶት ቀረ’ አለኝ። እናቴ እውነቱን ታውቃለች፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ብላ ለማንም አልተናገረችም። እኔም ከመሳቂያነት ጨካኝ መባልን መረጥኩ።

ያን ቀን ቀና ያልኩት እናቴን ፈርቼ አይደለም። ሁለታችንም ያየነው አባቴን ነው።

ቲኬቶቹን የቆረጥኩት አንቺን ለማየት ነበር። ደግሞም ‘ምናልባት በዚህኛው እሳፈር ይሆናል’ ብዬ ነበር። ሚሚን ይቅርታ ጠይቂልኝ። አንቺን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ፊት የለኝም።

እንድሪያስ”

ሻሮ ደብዳቤውን ጨርሳ አጠፈችው። ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። መንገደኞች በመስኮቱ ተደርድረው እየጠበቋት ነበር። ስለ አንድ ሰው የገነባችው ንቀት ሁሉ በአንድ ገጽ ወረቀት ተደረመሰ፤ ከሥሩ የወጣው ያው የድሮው ሰው ነው፤ በሽቦ አሻግሮ እያያት እስከ ጆሮው የሚቀላው።

*

መልሱን የጻፈችው ከሚሚ ደብተር በቀደደችው ወረቀት ላይ ነው።

“እንድሪያስ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፓርኩ የትም አይሄድም። ትምህርት ቤት በነሐሴ እንደገና ይዘጋል፤ እስከዚያ ሦስት ወር አለን። የፊታችን እሑድ በቦዳ ቦዳ ቡቲዬ ትመጣለህ። ሞተር ላይ ነፋስ ስላለ ብዙ አያምህም፤ ካመመህም የሚያዩህ ፍየሎች ናቸው። በሳምንቱ በመኪና ጎዶማ ደርሰን እንመለሳለን፤ ቀጥሎ ቦሪን፣ ከዚያ ሶሎሎን እንሞክራለን። ከመሳፈርህ በፊት ወተትና ቅባት እንዳትቀምስ፤ ደረቅ ዳቦ ግን ብላ፣ ባዶ ሆድ ይብሳል። የክሊኒኳ ነርስ ከመነሣት አንድ ሰዓት ቀድሞ የሚዋጥ ክኒን አለ ብላኛለች፤ ሄደህ ራስህ ጠይቃት፣ አትፈር። ዝንጅብሉን እኔ እይዛለሁ። መኪና ውስጥ ስልክ አይታይም፤ ዐይንህን ሩቅ ካለ ተራራ ላይ ታደርጋለህ። ናይሮቢንም በአንድ ቀን አንሞክራትም። ማርሳቢት እናድራለን፣ ኢሲዮሎ እናድራለን፣ በሦስተኛው ቀን እንገባለን። የፊተኛዋ ወንበር ያንተ ናት።

ሻሮ

ፊት የለኝም ያልከው ውሸት ነው። እኔ ዓመት ተኩል ሙሉ ሳየው ነበር።”

በኋላ እንደነገራት፣ እንድሪያስ ያን ወረቀት ከደረት ኪሱ ለይቶት አያውቅም። የመጀመሪያውን እሑድ ቡቲዬ ሲደርስ ከሞተሩ ወርዶ ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሚሚም ውድድር ያሸነፈ መስሏት አጨበጨበችለት።

ጎዶማ ግን ቀላል አልሆነችም። ሃያ ደቂቃ ሳይጓዙ ሹፌሩን “አቁም!” አለው። ከአንዲት ግራር ሥር ተንበርክኮ አስመለሰ። ሻሮ ውኃ ይዛ ስትመጣ ጀርባውን አዞረባት።

“አትዪኝ ሻሮ። እባክሽ።”

“አየሁህ እኮ” አለች ከጎኑ ቁጢጥ ብላ። “አሁንም እያየሁህ ነው። እሺ፣ ምን ሆንኩ? ትቼህ ሄድኩ?”

ቀስ ብሎ ዞረ። አፉን ታጥቦ፣ ዐይኑ ቀልቶ፣ ፀጉሩ ላይ ሣር ተጣብቆበት አያት። ከሁሉም ቀን ይበልጥ ያን ቀን ወደደችው። የቦሪን መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ወርዶ ጨረሰ። ሶሎሎ ሲደርሱ ደግሞ ጭራሽ ራበኝ አለ። ከአንዲት ትንሽ ቤት ቻፓቲ ገዝተው ቆመው ሲበሉ፣ ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው ይስቁ ነበር።

*

የነሐሴው ማለዳ ብርድ ነበረው። አውቶቡሱ ቆሟል። ከተማው ወሬውን ሰምቷል፤ ሥራ ያልነበረው ሁሉ መንገድ ዳር ወጥቶ እንደ ሰርግ ይጠብቃል። ሁካና ሚሚ ገብተዋል። እንድሪያስ ክኒኑን ውጦ፣ ደረቅ ዳቦውን በልቶ በሩ አጠገብ ቆሟል።

ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ከሆቴሉ በር ወጥተው መንገዱን ሲያቋርጡ ሰው ሁሉ ገለል አለላቸው። ሴትዮዋ ልጃቸውን አልፈው ወደ እሷ መጡ። በእጃቸው ጥቅል ይዘዋል። ፌስታል በኬንያ በኩል ከተከለከለ ቆይቷል፤ በከኪ ወረቀት በገዛ እጃቸው አጥፈው፣ ሥሩን በሙጫ ያጠነከሩት ሃያ ያህል ከረጢት ነበር።

“ለመንገድ ነው” አሉ። “ቢያስፈልገው።”

ሻሮ በሁለት እጇ ተቀበለች።

“ያን ቀን ተይልኝ ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም” አሉ ወይዘሮ ኪዳነምሕረት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ባሌን በዚህ መንገድ ሸኝቼ ሬሳው መጣልኝ። ልጄንም ሸኝቼ ግማሹ ነው የተመለሰው። ሦስተኛ ጊዜ መሸኘት አቃተኝ።”

“አሁን አውቄያለሁ እማማ።”

“ባይችልስ?”

“ባይችል የቆመበት ቦታ አብሬው እቆማለሁ። ብቻውን አይቆምም።”

ሴትዮዋ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ወደ ልጃቸው ዞረው የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለትና ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ። እንድሪያስ እግሩን ደረጃው ላይ አሳረፈ። ሌላኛውንም አስከተለ። መንገድ ዳር የቆመው ሰው በጩኸት ሲፈነዳ፣ ሻሮ ዐይኗ በእንባ ተሞልቶ ደረጃውን አጥርታ ማየት አቅቷት ነበር።

*

ሶሎሎን አለፉ። ቱርቢን አለፉ። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ እንድሪያስ ዐይኑን ከፊቱ ካለው ሰማያዊ ተራራ ሳይነቅል ዝንጅብሉን ያኝካል። ሚሚ ከኋላ ሆና “አሁንስ?” ትለዋለች፤ እሱም “ደህና ነኝ” ይላል። ማርሳቢት ዳገት ላይ ግን መንገዱ መጠማዘዝ ጀመረ፤ ጉሙ ወርዶ ተራራውን ጋረደው። የሚያየው ሩቅ ነገር ጠፋ። ሻሮ እጁ ወንበሩን ጨምድዶ ሲይዝ አየች።

የመጀመሪያውን ከረጢት ሰጠችው። ሁለተኛውን። አራተኛው ላይ ሲደርስ ከኋላ አንድ ሰው “ሹፌር፣ ሰውየውን አውርደውና እንሂድ!” ብሎ ጮኸ።

እንድሪያስ ቀና አለ። ከንፈሩ ነጥቷል። “ልውረድ ሻሮ። እዚህ ነው ያኔም የወረድኩት። እናንተ ሂዱ፤ ሚሚን አታስቀሪብኝ።”

“አልሰማህም” አለች።

“አልችልም እኮ ነው የምልሽ!”

“ስማኝ እንድሪያስ!” ድምፅዋ አውቶቡሱን ሁሉ ሞላው፤ መሙላቱም አላሳሰባትም። “ያኔ አባትህ እየሞተ ነበር። እየሮጥክ ነበር፤ ብቻህን ነበርክ። ዛሬ ማንም አይሞትም። ዛሬ የሚጠብቀን መንኰራኵር ነው! ብንዘገይ ምን ይለናል? ማርሳቢት እኮ የዛሬ ማደሪያችን ናት፤ ዐሥር ደቂቃ ቀርቷታል። ከወረድክ እኔም እወርዳለሁ፣ አባቴም ይወርዳል፣ ልጄም ትወርዳለች። ዐሥር ደቂቃውን በእግራችን እንጨርሰዋለን እንጂ አንመለስም!”

ሚሚ አንገቷን በሁለቱ ወንበሮች መካከል አስገባች።

“እኔም ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ አስመልሶኛል” አለችው። “ባንዲራ ሲሰቀል። ሁሉም አየኝ። ከዚያ ታጠብኩና ክፍል ገባሁ።”

መጀመሪያ የሳቀው ሀላኬ ነው። ከዚያ ከኋላ ያሉት ሴቶች፤ ከዚያ “አውርደው” ያለው ሰውዬ ራሱ። እንድሪያስ ከረጢቱን ይዞ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ እንባው ይወርዳል። አሥራ ሁለት ዓመት የደበቀው ነገር በአርባ ሰው ፊት ወጥቶ ነበር፤ አርባው ሰው ደግሞ ውኃ እያቀበለው፣ “አይዞህ ወንድሜ” እያለው ነው። ሀላኬ አውቶቡሱን እንደ ሕፃን አልጋ አለሳልሶ ነዳው። ማርሳቢት ገቡ። እንድሪያስ በእግሩ ወረደ።

በማግስቱ ማለዳ በሌላ አውቶቡስ ከመሳፈራቸው በፊት፣ ያቺን የተኛባትን ጤና ጣቢያ ከአጥሯ ውጭ ቆሞ አያት። ሻሮ ከጎኑ ቆመች። “አባዬ፣ አሁን እያለፍኩ ነው” አለ በሹክሹክታ። የከተማዋ የመጨረሻ ቤት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ሰው ሁሉ እያየ የሻሮን እጅ ያዘ። እሷም አልሳበችውም፤ ከፊታቸው የተዘረጋው ሜዳ ሁሉ የእነሱ መሰላት።

*

ከሞያሌ በተነሡ በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ በፓርኩ በር ገቡ። ሚሚ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትናገረው ጠፋት። ሁካ ዱላውን ለጥበቃው አደራ ሰጥቶ ከልጅ ልጁ ጋር ትልቁ መንኰራኵር ላይ ወጣ። ጫፉ ላይ ሲደርስ እንደ ግመል ነጂ ሲያዜም ከታች ይሰማ ነበር። ሻሮ ባቡሩ ላይ ወጥታ ድምፅዋ እስኪዘጋ ጮኸች። እንድሪያስ አንዱም ላይ አልወጣም። አግዳሚ ወንበር ላይ የሁሉንም ጃኬትና ጫማ ታቅፎ ተቀምጧል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እንደ እሱ ደስ ያለው አልነበረም።

ሻሮ እየተንገዳገደች መጥታ አጠገቡ ዘፍ ስትል ስልኩን አወጣ።

“እማዬ” አለ። ድምፁን ሰብስቦ “እማዬ፣ ደረስኩ” አለ።

ከወዲያ በኩል እልልታ ሆነ። ስልኩን ከጆሮው እስኪያርቅ ድረስ፣ ሰልፍ የያዙ ሰዎች ዞረው እስኪያዩ ድረስ የሚያስተጋባ እልልታ። ሲያባራ የወይዘሮ ኪዳነምሕረት ድምፅ በለቅሶ ታንቆ መጣ። “የሻሮ አባት አሉ? ስጥልኝ። ሁሉም እንዲሰማው አድርገህ ስጥልኝ።”

ሁካ ከመንኰራኵሩ ገና መውረዱ ነው። ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ወተት ጣሳ ያዘው።

“አቤት።”

“አባ ሁካ፣ ኪዳነምሕረት ነኝ፤ የእንድሪያስ እናት። ሽማግሌ ልኬ፣ በወጉ መጠየቅ ነበረብኝ። እስከዚያ ድረስ ግን አላስችል አለኝ። ልጅዎን ለልጄ ይስጡኝ። እኔ ወልጄ ግማሹን ያሳደግኩትን እሷ ሙሉ አደረገችልኝ።”

ሻሮ ትንፋሿን ያዘች። ሁካ የገበያ አማርኛውን እየፈለገ ቀስ ብሎ ተናገረ።

“እማማ፣ እኔ በስልክ ፍየል እንኳ ሸጬ አላውቅም። ልጄን በስልክ አልሰጥም።” እንድሪያስ ክው አለ። ሽማግሌው ቀጠለ፦ “ቡቲዬ ይምጡ። ወተት አለ፣ ጥላ አለ። ቁጭ ብለው ይጠይቁኝ። ግን አይቆዩ።”

ከወዲያ በኩል ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀ። ሚሚ እየዘለለች ነው። ሁካ ስልኩን የት መጫን እንዳለበት ጠፍቶት በግራ በቀኝ ያገላብጠዋል። እንድሪያስ ወደ ሻሮ ዞረ። ጃኬትና ጫማው ከእቅፉ ተራግፎ መሬት ላይ ተበትኗል።

“ሁሉም ተጠየቀ” አላት። “አንቺን ግን የጠየቀሽ የለም።”

“ታዲያ አንተ ጠይቀኝ።”

“ታገቢኛለሽ ሻሮ?”

መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። የመጣው ግን ቃል አልነበረም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሆዷ የሚነሣ እልልታ በፓርኩ ላይ ተስረቀረቀ፤ የመንኰራኵሩን ሙዚቃ ዋጠው፤ ከባቡሩ የሚወርዱ የማያውቋት ሴቶችም ተቀበሏት። ድምፁ ከራሷ ጉሮሮ መውጣቱን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው። ሻሮ አላፈረችም። ትንፋሽ ወሰደችና ደገመችው።